ከግራ በር የሚጀምሩት ካፒቴን

የካፒቴን አስማማውን ማረፍ የነገሩኝ ሐጂ ኑሩ ናቸው። ሐጂ ኑሩ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አላቸው፤ ከካፒቴኑ ጋር ይፋግ ላይ አብረው ያደጉ ሰው ናቸው። ስልኩን ሳነሣ ሰላምታ አላስረዘሙም። «አስሜ ትቶን ሄደ» አሉኝ። ሙያዬ ሆኖ ከሐዘኑ ቀድሞ ከአፌ የወጣው ጥያቄ ነበር፦ መቼ፣ የት፣ በምን? ሐጂም አንድ በአንድ መለሱልኝ። ትናንት ጠዋት፣ ቤቱ ውስጥ፣ አልጋው ላይ። ታምሞ እንኳ አልከረመም። «ሰማይ ላይ ሲኖር ኖሮ አልጋው ላይ ሞተ። እንዲህ ያለ ዕድል ማን ያገኛል?» አሉ።

ለቅሶ የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። ድንኳኑ ገና አልተነሣም ነበር። ሐጂ ከጎናቸው አስቀመጡኝና ቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ እንዳናደዳቸው አጫወቱኝ።

«ተወለደ፣ ተማረ፣ አበረረ፣ ጡረታ ወጣ። አለቀ! አንባቢው ጉሮሮውን ሳይጠርግ ጨረሰው። የሰው ዕድሜ ይህን ያህል ናት?»

«ምን ይጨመርላቸው ነበር ሐጂ?»

የመቁጠሪያቸውን አንድ ፍሬ አሳለፉ። «እሱ ነው ችግሩ» አሉ። «አስሜ ላይ ምንም ደርሶ አያውቅማ።»

እውነታቸውን ነው። እኔ በጋዜጠኝነት ዘመኔ የተላክሁት ሁልጊዜም አንድ ነገር ወደ ደረሰበት ቦታ ነው። አውቶቡስ ሲገለበጥ፣ ወንዝ ሲሞላ፣ ገበያ ሲቃጠል። ካልደረሰ ነገር ዜና አይወጣም። የካፒቴን አስማማው ዕድሜ ደግሞ ያለቀው አንድ ነገር እንዳይደርስ በማድረግ ነው። ስለዚህ በዜና ዓምድ ውስጥ ስማቸው አንድም ቀን አልወጣም። ያየሁትን እዚህ ላስፍረው።

የተዋወቅነው የፎገራን ሜዳ ውሃ በዋጠበት አንድ ክረምት ነው። ወንዞቹ ርብና ጉማራ የጉናን ተራራ ዝናብ ተሸክመው መጥተው ከአልጋቸው ወጡ። ሩዙም፣ የሣር ክዳኑም፣ የከብቱም በረት ውሃ ውስጥ ገባ። ጎርፉን ከላይ ፎቶ የሚያነሣ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቶ ነበርና እኔም አብሬ እየበረርኩ እንድዘግብ ታዘዝኩ። አብራሪው እሳቸው ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ጠይም፣ ጠጉራቸው በጆሮ ግንዳቸው በኩል የሸበተ ሰው። መነጽር የላቸው፣ ኮፍያ የላቸው። ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ የእጅ ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ፤ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ይሰበስባሉ። ከዚያ አውሮፕላኗን በእጃቸው መዳበስ ይጀምራሉ።

የመጀመሪያው ጠዋት ባሕር ዳር ላይ ነበር። አዘጋጄ ዜናውን ለቀትር ይፈልገዋል፤ እኔ ቸኩያለሁ፤ ካፒቴኑ ይዞራሉ። ከግራ በር ተነሥተው ወደ ጭራው፣ ከጭራው ወደ ቀኙ ክንፍ፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው፣ በግራው ክንፍ አድርገው ተመልሰው ግራ በር። ብሎኑን በጣታቸው ይገፋሉ፤ ጎማውን ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ የጭራውን ክንፍ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። ቀኙ ክንፍ ጋ ሲደርሱ አላስቻለኝም።

«ካፒቴን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንነሣለን?»

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም። እጃቸውን ከክንፉ ላይ አነሡ፣ ወደ ግራው በር ተመለሱ፣ ሀ ብለው ጀመሩ። መካኒኩ በሹክሹክታ «ሁለተኛ እንዳትጠይቃቸው» አለኝ። «ከደገምካቸው ምሳችንንም እዚሁ ነው የምንበላው።»

አየር ላይ ከወጣን በኋላ ራሳቸው አስረዱኝ። «ሰው ሲያናግረኝ እጄ መንገዱን ይቀጥላል፤ ዓይኔ ግን የሆነ ቦታ ይቀራል። የት እንደቀረ አላውቅም። ስለማላውቅ ከመጀመሪያው እነሣለሁ።»

«መካኒኩ እኮ አይቷታል።»

«እሱ ያያት ትናንት ነው» አሉኝ።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ጠባያቸው ብዙ አያስቸግርም፤ ሁሉም በየሥራው ነው። ደብረ ታቦር ላይ ግን ሌላ ነው። ጎርፉን ከመነሻው ለማየት መካኒኩን ባሕር ዳር ትተን ጥቂት ቀን እዚያ አድረን እየተነሣን ነበር። አውሮፕላኗ የምታርፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው። ገበሬው ወደ ገበያ ሲወርድ በዚያ ያልፋል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው በዚያ ያልፋል። በዚህ አገር ደግሞ ሰው ሰውን አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ካፒቴኑም የአገሩ ልጅ ናቸው። አንዱ ሽማግሌ ኩታቸውን አስተካክለው ይቀርባሉ። እንዴት አደራችሁ? ቤቱ እንዴት ከረመ? ክረምቱስ እንዴት ያዛችሁ? አንተ የማን ልጅ ነህ? የይፋጉ? አባትህን አውቃቸዋለሁ!

የሽማግሌ ሰላምታ ሳይመልሱ መቅረት ነውር ነው። ካፒቴኑ ያንን አያደርጉም። እጃቸውን ጠርገው፣ ዝቅ ብለው፣ ትከሻ ሳይቀር ስመው፣ የዘር ሐረጉን እስከ ሦስተኛው አያት ድረስ ቆጥረው ይመልሳሉ። ሽማግሌው መርቀው ይሄዳሉ። ካፒቴኑም ወደ ግራ በር ይመለሳሉ። ሌላ ሽማግሌ ይመጣል።

መላ ያመጡት የሜዳው ጥበቃ አያ ሙጬ ናቸው። አያ ሙጬ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን አገጫቸው ድረስ ተከናንበው በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የሚቆሙ ሰው ነበሩ። ከብቱን ከሜዳው ያባርራሉ፤ ነዳጅ ከበርሜል በእጅ ፓምፕ ሲቀዳ መሰላል ይይዛሉ፤ ሌሊት ይጠብቃሉ። የካፒቴኑን ነገር ሁለት ቀን ካዩ በኋላ በሦስተኛው ጠዋት በትራቸውን አግድመው መንገዱን ዘጉ።

«ወዲያ! ካፒቴን ቅዳሴ ላይ ናቸው!»

ቅዳሴ መሐል ሰላምታ የለም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሰዉ ራቅ ብሎ ቆሞ መጠበቅ ጀመረ። አንድ አዛውንት ብዙ ከቆሙ በኋላ «ኧረ ቅዳሴስ ማለቂያ አለው!» ብለው ትተውን ሄዱ።

እኔ ይህ ጥንቃቄ ከአንድ አደጋ የመጣ መስሎኝ ነበር። የሙያ ልማድ ነው፤ ከጠባይ ጀርባ ታሪክ እንፈልጋለን። አንድ ምሽት እራት ስንበላ ጠየቅኋቸው። «ምን ደርሶብዎት ነው እንዲህ የሚሆኑት?»

«ምንም» አሉ።

«አንድ ነገር መኖር አለበት።»

«ምንም እንዳይደርስብኝ ነዋ።» እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ ግን ጨመሩልኝ። አባታቸው ይፋግ ገበያ በሬ ሲገዙ አብረው ይሄዱ ነበር። አባት የበሬውን ጥርስ ያያሉ፣ ሰኮናውን ያነሣሉ፣ ሻኛውን ይጫናሉ፣ ወደፊት ነድተው አረማመዱን ያያሉ። አንድ ጊዜ በሬውን የሚሸጥላቸው የገዛ ወንድማቸው ነበር። ጥርሱን ሊያዩ አፉን ሲፈለቅቁ ወንድም ተቀየመ። «እኔን አታምነኝም?» አለ። አባት የበሬውን ምላስ እንደያዙ «አንተን አምንሃለሁ» አሉት፤ «የማላውቀው በሬውን ነው።»

ካፒቴኑ ጡረታ ወጥተው ደብረ ታቦር ሲገቡም ይህ ጠባይ አልለቀቃቸውም። አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ ወደ ሐሙሲት አብረን ልንወርድ መናኸሪያ ገባን። ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። እኔ ገብቼ ተቀመጥኩ። እሳቸው ውጭ ናቸው፤ ይዞራሉ። የኋላውን ጎማ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል።

«አባቴ፣ ሊገዙት ነው እንዴ?»

«ብገዛውስ ብሎኑን ማን ይጨምርልኛል?»

«የምን ብሎን?»

«የዚህ ጎማ። ሁለት ጎድሎታል።»

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «አባባ፣ ይሄ መኪና በእነዚሁ ብሎኖች ከባሕር ዳር መጣ!»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔ የምጠይቀው ሲመለስ ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። አንዲት እንቁላል የያዙ እናት ግን አልሳቁም፤ ቅርጫታቸውን አቅፈው ወረዱ። ተከትሎ ሌላ ሰው ወረደ። ሹፌሩ እየረገመ ብሎን ፍለጋ ሄደ። በዚያ ቀን ሐሙሲት የደረስነው ገበያው ሊበተን ሲል ነው። በመንገዱ ላይ ምንም አልደረሰም። ካፒቴኑ እንቅልፋቸውን ሲለጥጡ ዋሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የማስታውሰው በዚያው በጎርፉ ክረምት የሆነውን ነው።

አያ ሙጬ አትጠገብ የምትባል የመጨረሻ ልጅ ነበረቻቸው። በዚያ ሳምንት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወለደች። ሕፃኑ ደህና ነበር፤ እሷ ግን ሰውነቷ አበጠ፣ ሽንት እምቢ አላት። ሐኪሙ ኩላሊቷ ሥራ ማቆሙን ተናገረ። ደሟን የሚያጥብ ማሽን ያለው ባሕር ዳር ነው፤ በቶሎ ካልደረሰች አትተርፍም። መንገዱ ግን ጉማራ ላይ ውሃ ውጦታል፤ አምቡላንስ አያልፍም። በሌላ በኩል ዞሮ ለመሄድ ደግሞ እሷ ጊዜ የላትም። ሐኪሙ ማታ ካፒቴኑ ወዳደሩበት ቤት መጥቶ ለመናቸው። ካፒቴኑ ቢሮአቸው ደውለው አስፈቀዱ። ጠዋት ይዘዋት እንዲሄዱ ተስማሙ። በክረምት እዚያ አገር የሚበረረው ጠዋት ብቻ ነው፤ ከረፋዱ በኋላ ከጉና ላይ ደመና ይወርዳል፣ ሜዳውን ይሸፍናል።

ጠዋት ሰማዩ ክፍት ነበር። ካሜራው የሚታሰርበትን ወንበር አውጥተን ለቃሬዛ ቦታ አዘጋጀን። ሜዳው ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሣሩም ርጥብ ነው፤ ስለዚህ ካፒቴኑ ሸክም እንዲቀል አትጠገብን፣ አንዲት ነርስንና አያ ሙጬን ብቻ ሊወስዱ ወሰኑ። ሕፃኑ ሆስፒታል ይቆያል፤ እኔም እቀራለሁ። ሐጂ ኑሩ ሕመምተኛዋን በፒክአፓቸው አመጧት። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠቦ ነበር። አያ ሙጬ እግሯን በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘዋል።

ካፒቴኑ ዙራቸውን ጀምረው ቀኙ ክንፍ ጋ ደርሰዋል። በየክንፉ ውስጥ ነዳጅ አለ፤ ከሥሩ ትንሽ ማውጫ አለች። ከእሷ ትንሽ ወደ ብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ያነሡታል። የአውሮፕላኗ ነዳጅ ሰማያዊ ነው። ያን ቀን ብርጭቆውን አነሡ፤ ብዙ አዩት፤ ደፉት፤ እንደገና ቀዱ። ከዚያ አድርገው የማያውቁትን አደረጉ፤ አፍንጫውን ዘለው በቀጥታ ወደ ግራው ክንፍ ሄዱ። ቅደም ተከተላቸውን ሲያፋልሱ ሳይ ክፉ ነገር መኖሩን አወቅሁ።

«ምነው አስሜ?» አሉ ሐጂ፤ ካፒቴኑ ከግራው ገና አልቀዱም ነበር።

«ውሃ።»

«ክረምት አይደለም እንዴ? ውሃ የሌለበት የት አለና! ጥረገውና ተነሣ እንጂ!»

ካፒቴኑ በእጃቸው ጠሩኝና ብርጭቆውን አሳዩኝ። ከላይ ሰማያዊው ነዳጅ፣ ከሥሩ እንደ መስታወት የጠራ ውሃ፣ ከውሃው ሥር ደግሞ ቁንጥር የምታህል ግራጫ ነገር።

«ምን ታያለህ?»

«ውሃ። ከታች ደግሞ አፈር።»

ቀስ ብለው ደፉትና ግራጫውን በጣታቸው አሹት። «አፈር አይደለም፤ አመድ ነው» አሉ። «ዝናብ አመድ የለውም።»

ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ ወደ ሞተሩ ቀድሞ የሚሄደውም እሱ ነው። ሞተሩ ሲነሣ በቧንቧው ውስጥ ባለው ንጹሕ ነዳጅ ይነሣል፤ ደህና ይመስላል፤ ከመሬት ከተላቀቀ በኋላ ውሃው ይደርሳል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ወደ ፒክአፑ አየሁ። አያ ሙጬ የልጃቸውን እግር እንደያዙ አንገታቸውን ደፍተዋል። ወደ እኛ አላዩም። በሜዳው ላይ ካለን ሰው ሁሉ ወደ እኛ ያላየ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ካፒቴኑም አይተዋል። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ወደ እሳቸው ሄዱ። ማን ነካው የሚል ጥያቄ ጠብቄ ነበር። ካፒቴኑ ግን በሐጂ ፊት፣ በነርሷ ፊት፣ በልጃቸው ፊት ያንን አልጠየቁም።

«አያ ሙጬ፣ ጸበሉ ከየትኛው ታቦት ነው?» አሉ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ከመድኃኔዓለም።»

«እምነትም አለበት?» አመድ የያዘውን ጣታቸውን አሳዩዋቸው።

«አለበት። ቄሱ በጥብጠው ነው የሰጡኝ።»

«ለልጅዎ ያመጡት ነው።»

«እሷም ቀመሰች። የተረፈውን ነው እንጂ… እንዲያው ይቺ ብረት ልጄን ተሸክማ ሳትባረክ ከምትሄድ ብዬ። ላይዋን ብረጨው ሌሊት ዝናብ ያጥበዋል። ውስጧ ቢገባ ግን ይቀመጣል አልኩ። ክዳኑን ነዳጅ ሲቀዳ አይቼዋለሁ፤ በመሰላሉ ወጣሁ…»

«በአንዱ ክንፍ ነው በሁለቱም?»

ይህ ጥያቄ ሌላውን ሁሉ ይወስን ነበር። አያ ሙጬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲናገሩ እንደ ንስሐ ነበር።

«በሁለቱም። እኩል ነው ያካፈልኳቸው። አንዱ ክንፍ ተባርኮ አንዱ ቢቀር ታዘነብላለች ብዬ።»

«ያ አላህ!» ሐጂ ኑሩ ራሳቸውን ያዙ።

ማንም አልሳቀም። ካፒቴኑ የሽማግሌውን ትከሻ ያዙ። «እንኳን ነገሩኝ። አንዱን ብቻ ብለው ቢሆን አንዱን አጥቤ በሌላው እንሞት ነበር።»

«ልጄን ገደልኳት ካፒቴን?»

«አልገደሏትም። መሰላሉን ያምጡ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሥራ ነው። ሁለቱም ክንፎች ውስጥ ያለው ነዳጅ በሙሉ ወደ ባልዲና ወደ ሐጂ ጀሪካኖች ተደፋ። ማጣሪያው ተፈታ፤ እንደ ቡና አተላ ያለ አመድ ይዞ ነበር፤ ታጠበ፣ ተጠረገ፣ ተገጠመ። ከበርሜሉ አዲስ ነዳጅ በቆዳ ማጥለያ እየተጣራ ተቀዳ። እኔ ፓምፑን መታሁ፤ ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ባልዲ ተቀባበሉ። አያ ሙጬ መሰላሉን ይዘው ምንም አይናገሩም። ጉና ከእይታችን ጠፋ። ደመናው በቁልቁለቱ ላይ እየወረደ ነበር። ነርሷ ከፒክአፑ ወርዳ መጣችና «ትንፋሿ እየከበደ ነው» አለችን።

ነዳጁ ተሞላ። ካፒቴኑ ብርጭቆውን ከቀኙ ክንፍ ሥር አስጠጉ፤ ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ። ከግራውም እንደዚያው። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ቃሬዛውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

ካፒቴኑ እጃቸውን ተለቃለቁ፤ በሸሚዛቸው ጠረጉ፤ ሄደው ግራ በር ጋ ቆሙ።

«አስሜ!» ሐጂ ጮኹ። «ጠዋቱን ሙሉ ስትነካካት የዋልክ አንተ አይደለህም? ደግሞ ምኗን ነው የምታያት? ልጅቷ ልትሞት ነው እኮ!»

ካፒቴኑ እጃቸው ጭራው ላይ ነው። አልመለሱም። ሐጂ ሊደግሙ አፋቸውን ሲከፍቱ አያ ሙጬ ከፊታቸው ቆሙ። በትሩን ሁለት እጃቸው ላይ አግድመውታል፤ ዕንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ሐጂ፣ ቅዳሴ ላይ ናቸው» አሉ።

ልጃቸው ከኋላቸው ቃሬዛ ላይ ናት። በዚያ ሜዳ ላይ ከሳቸው የበለጠ የቸኮለ ሰው አልነበረም። ሐጂ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ካፒቴኑ በጭራው፣ በቀኙ ክንፍ፣ በአፍንጫው፣ በግራው ክንፍ አድርገው ተመልሰው በሩ ጋ እስኪደርሱ ድረስ የተናገረ ሰው አልነበረም። የሰማሁት የነርሷን ስም እየጠራች ውሃ የምትለምነውን የአትጠገብን ድምፅ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዙር ካፒቴኑ ምንም ጉድለት አላገኙም። ይህን የምናገረው የሆነውን እንዳለ መጻፍ ስላለብኝ ነው።

ሞተሩ ተነሣ። አውሮፕላኗ ርጥቡን ሣር እየረገጠች ሄደች፣ ሄደች፣ አልተነሣችም። ከሜዳው ጫፍ ባሕር ዛፍ አለ። «ተነሽ እንጂ፣ ተነሽ» ይላሉ ሐጂ። ከዛፉ በፊት ተላቀቀች፤ ጎማዋ ቅጠሉን የነካ መሰለኝ። በምዕራብ በኩል ገና ክፍት ወደሆነው ሰማይ ዞረች። ከዚያ በኋላ እኔና ሐጂ ማየት ትተን ማዳመጥ ያዝን። ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር። ይቆረጥ ይሆን እያልን፣ አንድም ቃል ሳንለዋወጥ፣ ከጆሯችን እስኪጠፋ ቆምን። ደመናው መጥቶ ሜዳውን ሲሸፍነው ሐጂ ባልዲው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስልኬ ሲጮህ ያነሡት እሳቸው ናቸው። «ደረሱ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ካፒቴኑ በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው ወሰዱኝ። አየር ላይ ሳለን ያ ውሃ ሳይወጣ ቢነሡ ሞተሩ ይቆም እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም?»

«ምናልባት ትንሽ አንኳኩቶ ይቀጥል ነበር። ምናልባት አይቀጥልም። ማወቅ ከፈለግህ ከነውሃው መነሣት ነበረብን።» ቀጥለውም «እንዲህ ያለውን አለማወቅ እወደዋለሁ» አሉኝ።

ለቢሮአቸው ስለ አያ ሙጬ ክስ አላቀረቡም። የነዳጁን ክዳን ሳይቆልፉ ያደሩት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ፤ ቁልፍም ገዙ። ከአያ ሙጬ ጋር ደግሞ ስምምነት ያዙ፦ ጸበል ከውጭ፣ ነዳጅ ከውስጥ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሜዳ ላይ ዙራቸውን ጨርሰው ግራ በር ጋ ሲቆሙ አያ ሙጬ ይቀርቡና አፍንጫዋን ይረጫሉ። ካፒቴኑም ጎንበስ ብለው ለራሳቸው ይቀበላሉ።

አትጠገብን የጠየቅናት ውሃው ጎድሎ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ካፒቴኑ፣ ሐጂ ኑሩና እኔ ባሕር ዳር ሆስፒታል ገባን። እብጠቷ ወርዶ ፊቷ የራሷ ሆኗል። ሕፃኑን አምጥተውላት ደረቷ ላይ ተኝቷል። አያ ሙጬ ከአልጋው ግርጌ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ካፒቴኑን ሲያዩ ተነሥተው ቆሙና አልቀመጥ አሉ።

«ምን ሆኑ አባዬ?» አለች አትጠገብ።

«አልነገርኳትም» አሉ አያ ሙጬ ወደ ካፒቴኑ ዞረው። «ስትድን እነግራታለሁ ብዬ ነው። አሁን እርስዎ ባሉበት ልንገራት።»

ነገሯት። ከመድኃኔዓለም ደጅ ጀምረው፣ መሰላሉን፣ ክዳኑን፣ ሁለቱን ክንፍ፣ አንዱም ሳይቀር። ሲናገሩ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነበር። አትጠገብ አባቷን ብዙ አየቻቸው።

«አባዬ» አለች፤ «ለእኔ እኮ አንድ ጉንጭ እንኳ አልሞላልኝም ነበር። የቀረውን እሷን አጠጧት?»

«ልጄ…»

«ታዲያ እሷስ ዳነች?»

ካፒቴን አስማማው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንዳንቺው ታጥባ» አሉ።

ሐጂ ኑሩ ቀድመው ፈነዱ። አትጠገብ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ያማታል፣ አታቆምም። አያ ሙጬ መጀመሪያ ፈርተው አዩአት፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ነርሷ በሩን ከፍታ ሌላ ሕመምተኛ እንዳለ በጣቷ አሳየችን፤ ዝም እንድንል ለመነችን። ካፒቴኑ እሺ ሊሏት ዞሩ፤ ግን እሳቸውም መናገር አልቻሉም።